የበርበሬው ውሃ ከየት ይምጣ?

ከኤደን ከተማ በስተ ሰሜን፣ በዳር ሳዕድ ወረዳ ውስጥ «አል-በሳቲን» የሚባል ሰፈር አለ። ቃሉ በዐረብኛ «የአትክልት ሥፍራዎች» ማለት ነው። ዛሬ ወደዚያ የሚዘልቅ እንግዳ የሚያየው ግን አትክልት ሳይሆን ተጠጋግተው የተሠሩ የብሎኬት ቤቶችን፣ አሸዋማ መተላለፊያዎችንና በየጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ የተቀመጡ የውሃ ታንከሮችን ነው። ባሕር ተሻግረው የመጡ ሶማሊያውያንና ኢትዮጵያውያን ከየመናውያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ተደባልቀው በሚኖሩበት በዚህ ሰፈር ለስሙ የሚመጥን አረንጓዴ ነገር ከተገኘ፣ የሚገኘው በምድሩ ላይ ሳይሆን በጣሪያው ላይ፣ በቅቤ ጣሳና አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ነው።

ባለፈው የካቲት ወር ከእነዚህ ጣሪያዎች ወደ አንዱ ለሽምግልና ተጠርቼ ወጥቼ ነበር። የጠራችኝ ከወሎ የመጣች፣ በሰው ቤት እየሠራች ልጆቿን የምታስተዳድር እኅታችን ናት። በስምንት ጣሳ ቃሪያና ሚጥሚጣ ተክላ ነበር። የቤቱ ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ የመናዊ አባት፣ ጣሳዎቹ በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ ከጣሪያው እንዲወርዱ አዝዘዋል። «ኡስታዝ፣ እርስዎ በዐረብኛው አሳምረው ይናገሩልኝ፤ በርበሬ መትከል ምን ጥፋት አለው?» አለችኝ። እኔም ለእሷ ልሟገት ተነሣሁ።

አዛውንቱ በወተት የተፈላ የኤደን ሻይ አቅርበው ተቀበሉን። ንግግሬንም በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ «ልጄ፣ እኔ ያለ ቢስባስ ምሳ የበላሁበት ቀን የለም፤ በርበሬ አልጠላም» አሉ። «ነገር ግን በዚህ ቤት አራት አባወራ ይኖራል። በቧንቧ ውሃ በማይመጣበት ሳምንት አራቱም አዋጥተው በቦቴ ያስመጣሉ። ታንከሩ ገና በሁለተኛው ቀን ባዶ የሚሆነው ለምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልመልስላቸው?» ወደ እኅታችን ዞር ብዬ አየሁ። አንገቷን ደፋች። ጧትና ማታ የምታጠጣው ከጋራው ታንከር ነበር።

ለመሟገት ወጥቼ የምመልሰው ነገር አጣሁ። በኤደን የሚኖር ወገናችን በደጁም ሆነ በጣሪያው በርበሬ ቢተክል መልካም ነው የሚል እምነት ቀድሞም ነበረኝ፤ ዛሬም አለኝ። በዚያች ዕለት የተረዳሁት ግን ክርክራችን ከመሠረቱ የተሳሳተ መሆኑን ነው። በዚህች ከተማ መጠየቅ ያለበት «በርበሬ ይተከል ወይስ አይተከል» የሚለው ሳይሆን «ውሃው ከየት ይምጣ» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ በቅንነት ከተመለሰ የቀረው ሁሉ ቀላል ነው። ካልተመለሰ ግን ከጣሳው የሚለቀመው ቃሪያ የጎረቤት ሐቅ ያለበት ይሆናል።

በመጀመሪያ ስለ ተክሉ ጥቂት ማለት ይገባል። በርበሬ፣ ቃሪያና ሚጥሚጣ ሁሉም የትውልድ አገራቸው የአሜሪካ አህጉር ነው። መርከበኞች እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ አህጉር ከመድረሳቸው በፊት በኢትዮጵያም ሆነ በየመን፣ በህንድም ቢሆን የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ በባሕር ንግድ ተጭነው የህንድን ውቅያኖስ ዳርቻዎች አዳረሱ። የመናውያን «ቢስባስ»፣ ሶማሊያውያን «ባስባስ» ይሉታል፤ ስሙ ራሱ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ወዲህና ወዲያ እንደተመላለሰ ይመሰክራል። የየመን እናቶች በርበሬን ከቲማቲምና ከነጭ ሽንኩርት ጋር በድንጋይ ፈጭተው «ሰሓዊቅ» ሲያሰናዱ ያየ ኢትዮጵያዊ፣ ዳጣ የምትፈጨውን የገዛ እናቱን ማስታወሱ አይቀርም። እንግዲህ በርበሬ ለሁለቱም ሕዝቦች በእንግድነት የገባ፣ ዛሬ ግን ያለ እሱ ማዕድ የማይሞላ ተክል ነው። ስለ እንግድነት የሚነገር ነገር ካለ ከዚህ ተክል የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ውሃው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስታገኝ፣ ኤደን በአብዛኛው ዓመት 50 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላላትም። በክሬተር፣ በጥንታዊው እሳተ ገሞራ ተራራ ሸንተረር ውስጥ የተሠሩትን የጦዊላ የውሃ ማጠራቀሚያዎች የጎበኘ ሰው የዚህች ከተማ ሰዎች ለውሃ የነበራቸውን ግምት ያያል። የጥንት ሰዎች በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ በድንገት የሚወርደውን ጎርፍ ለመያዝ ድንጋይ ጠርበው፣ ዙሪያውን በኖራ ለስነው፣ አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው እንዲፈስ አድርገው ሠሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1839 ከተማዋን የያዙት እንግሊዞች ማጠራቀሚያዎቹን በደለል ተሞልተው አገኟቸው፤ በ1850ዎቹም ማስጠረግ ጀመሩ። ዛሬ የከተማዋ ውሃ በዋናነት የሚመጣው ከላሕጅ በኩልና ከከተማዋ ጥግ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ነው። መብራት ሲጠፋ መሳቢያው ይቆማል፤ ወደ ባሕሩ የቀረቡት ጉድጓዶች ደግሞ ጨው ይቀላቅላሉ። በእንዲህ ያለ ከተማ የሚኖር ሰው ስለ ውሃ ሲቆጣ ስስታም ሊባል አይገባውም።

በርበሬ መትከልን የሚቃወሙ ወገኖች የሚያነሧቸው ሌሎች ሁለት ነጥቦችም አሉ። የመጀመሪያው «እኛ መንገደኞች ነን፤ መንገደኛ ምን ይተክላል?» የሚል ነው። ይህ አባባል ሲሰሙት ጥበብ ይመስላል፤ ነገር ግን ኑሯችንን አይገልጽም። ከመካከላችን ለሦስት ወር ብሎ መጥቶ ዐሥራ ሦስት ዓመት የተቀመጠው ጥቂት አይደለም። በርበሬ እንደ ተምር ዓመታት የሚያስጠብቅ ዛፍም አይደለም። ዘሩ ከተዘራበት ቀን አንሥቶ በአራት ወይም በአምስት ወር ገደማ ቃሪያ ይለቀማል። ጣሳው ተሸክመውት የሚሄዱት ነው፤ ካልሆነም ለጎረቤት ይተዉታል። ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰውም ይብላ ወፍ፣ ለተካዩ ሶደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸው የታወቀ ነው። በዚህ ትምህርት ውስጥ ተካዩ በቦታው ይቆይ አይቆይ የሚል ቅድመ ሁኔታ የለም።

ሁለተኛው ነጥብ «ከገበያ ይገዛል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ሸይኽ ዑስማን ገበያ ውስጥ ከላሕጅና ከአብየን እርሻዎች የመጣ አረንጓዴ ቢስባስ በክምር ይሸጣል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ድረስ በኤደን ጎዳናዎች ላይ ውጊያ በነበረበት ጊዜ ገበያ መውጣት ነፍስን አሲዞ መሄድ ነበር። ያን ጊዜ ያሳለፈ ሰው ደረቅ ዳቦና የተቀቀለ ባቄላ ለሳምንታት መብላት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ጣዕሙን ትተን ለጤና ብቻ ብናስበው እንኳ፣ እሸት ቃሪያ በቫይታሚን «ሲ» ይዘቱ ክብደት ለክብደት ሲመዘን ከብርቱካን ይበልጣል። ፍራፍሬ መግዛት ለማይችል ቤተሰብ በቀን ሁለት ቃሪያ ትንሽ ነገር አይደለም። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን፣ የቀን ገቢዋ ለዱቄትና ለዘይት የማይበቃ እናት ወጧን ማጣፈጫ ከጣሪያዋ ብታገኝ ያተረፈችው ገንዘብ ለሌላ ጉድለት ይሆናል።

አንዳንድ ወገኖቻችን ደግሞ በሌላ ጽንፍ ቆመው «በየመን ውሃውን የሚጨርሰው ጫት ነው፤ የእኛ ስምንት ጣሳ ምን አላት?» ሲሉ ይሰማሉ። በየመን ከመስኖው ውሃ ከፍተኛውን ድርሻ የሚወስደው ጫት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የሌላው መብዛት የእኔን ትንሽ ሐላል አያደርገውም። ደግሞስ የጎረቤቴ እንስራ የጎደለው በደጋ ባለው የጫት ማሳ ምክንያት ሳይሆን እኔ ከጋራው ታንከር በቀዳሁት ባልዲ ምክንያት ከሆነ፣ ለጎረቤቴ ስለ ጫት ማሳ ማውራቴ ምን ይጠቅመዋል?

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ውሃው ከየት ይምጣ? መልሱ በየቤታችን፣ በየቀኑ አምስት ጊዜ በእጃችን ላይ የሚፈስ ነው። ሦስት አዋቂዎች ባሉበት ቤት እያንዳንዱ ለአንድ ውዱእ ሁለት ሊትር ውሃ ቢጠቀም፣ በቀን 30 ሊትር ይሆናል። በሃያ ሊትር ጣሳ የተተከለ አንድ የበርበሬ ተክል በቀዝቃዛዎቹ የኤደን ወራት በቀን የሚፈልገው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ነው። ለስድስት ጣሳ ዘጠኝ ሊትር ያህል ይበቃል። ስለዚህ ከውዱኡ ውሃ ሲሶው ብቻ እንኳ በሳፋ ቢያዝ ስድስት ጣሳ ያጠጣል። «ውሃ ቆጥቡ እየተባልን ነው፤ ሁለት ሊትር ከየት እናመጣለን?» የሚል ካለም መልስ አለው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ፣ ማለትም በአማካይ ሰው ሁለት እጆች እፍኝ ሙሉ ውሃ መሆኑ ተዘግቧል፤ ይህም ከአንድ ሊትር ያንሳል። ሦስት ሰዎች አምስቱንም ወቅት በዚህ ልክ ውዱእ ቢያደርጉና ውሃውን ሁሉ በሳፋ ቢይዙት ዐሥር ሊትር ያህል ይጠራቀማል። የስድስቱ ጣሳ ድርሻ ከዚያም አይበልጥም። ለበርበሬው ተብሎ ውዱእን ማብዛት አያስፈልግም ማለት ነው።

«የተጠቀሙበትን ውሃ ለሚበላ ተክል ማጠጣት ይፈቀዳል ወይ?» የሚል ጥያቄ ከአንድ በላይ ከሆኑ እናቶች ቀርቦልኛል። በየመን ደቡብም ሆነ በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች በሚሠራበት የሻፊዒይ መዝሀብ መሠረት፣ ለግዴታ ውዱእ የዋለ ጥቂት ውሃ በራሱ ንጹሕ ነው፤ ሌላውን ግን አያነጻም። ይህም ማለት በእሱ ዳግመኛ ውዱእ አይደረግም እንጂ ነጃሳ አይደለም። ለተክል ማጠጣቱ ምንም ነውር የለበትም።

ከውዱእ ሌላ ሁለት ምንጮች አሉ። አንዱ ሩዝና ምስር የታጠበበት ውሃ ነው። ኤደን ሩዝ የማይበስልበት ቤት የሌለባት ከተማ ናት፤ ያ ነጭ ውሃ ጨው እስካልገባበት ድረስ ለተክሉ ይስማማል። ሁለተኛው ከአየር ማቀዝቀዣ ቱቦ የሚንጠባጠበው ውሃ ነው። የኤደን አየር እርጥበት የተሞላ በመሆኑ አንድ ማቀዝቀዣ መብራት ባለባቸው ሰዓታት ብዙ ሊትር ውሃ ያንጠባጥባል፤ ይህም በየእግረኛ መንገዱ ፈስሶ ይቀራል። ከአየር የተለየ ውሃ ስለሆነ ጨው የለበትም ማለት ይቻላል። ማቀዝቀዣ ያለው ሁሉም ሰው አይደለም፤ ያለው ጎረቤት ግን ከቱቦው ሥር ጀሪካን ቢደረግ ከመንገዱ ጭቃ በቀር የሚያጣው ነገር የለም። በአንጻሩ ሳሙና የበዛበት የዕቃ እጣቢ፣ ጨው የገባበት የፓስታ ውሃና ዓሣ የታጠበበት ውሃ ለበርበሬ አይሆኑም።

ጨውን ደጋግሜ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በርበሬ ጨውን ከማይችሉ አትክልቶች አንዱ ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በምኖርበት ግቢ ከነበረው ጉድጓድ እየቀዳሁ ሳጠጣ የቅጠሎቹ ጠርዝ እየነደደ፣ በጣሳው አፍ ዙሪያ ነጭ ነገር እየጋገረ መጣ። በሽታ መስሎኝ መድኃኒት ፈለግሁ፤ ለካ ተክሉ የጠማው ነበር። ጨው በአፈሩ ውስጥ ሲበዛ ሥሩ ውሃ እያለለት መሳብ ያቅተዋል። መፍትሔው በዐሥር ቀን አንድ ጊዜ ጨው የሌለበትን ውሃ ከጣሳው ሥር እስኪፈስ ድረስ አጠጥቶ ጨውን ማጠብ ነው። የማቀዝቀዣው ውሃ ለዚህ ከሁሉ ይመረጣል። የፈሰሰውን ግን መልሶ ማጠጣት የታጠበውን ጨው መመለስ ነው።

ውሃን ከሚያባክኑ ነገሮች ሁሉ የሚበልጠው ግን ያለ ጊዜው መትከል ነው። በአገራችን ገበሬው በርበሬን ከዝናቡ ጋር ያስተባብራል፤ ብዙዎቻችንም ያንኑ ልማድ ይዘን እዚህ በሚያዝያና በግንቦት እንዘራለን። እኔም የመጀመሪያውን ዓመት እንዲሁ አደረግሁ። ተክሉ አደገ፣ አበበ፣ ከዚያም አበባው ሁሉ ረገፈ። በሰኔ የኤደን የቀን ሙቀት ከ35 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ሌሊቱም አይበርድም። በዚህ ሙቀት የበርበሬ አበባ ፍሬ ሳይይዝ ይወድቃል። ተክሉ ሦስት ወር ሙሉ ውሃ ጠጥቶ አንዲት ቃሪያ እንኳ አይሰጥም ማለት ነው። ውሃ ለቸገረው ቤት ከዚህ የከፋ ኪሳራ የለም።

የኤደን የበርበሬ ዓመት የሚጀምረው በመስከረም ነው። ዘሩ በመስከረም አጋማሽ በእንቁላል መያዣ ካርቶን ወይም በእርጎ ኩባያ ይዘራል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ቁመቱ አንድ ስንዝር ሲጠጋ፣ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር መግቢያ ወደ ጣሳው ይዛወራል። ከጥር እስከ ሚያዝያ ይለቀማል። ግንቦት ሲገባ ተክሉን ከመንቀል ይልቅ እስከ ግማሹ ቆርጦ፣ በጆንያ ጥላ ሥር አኑሮ፣ በነፍስ የሚያቆየውን ያህል ብቻ ማጠጣት ይሻላል። በርበሬ ውርጭ በማያውቀው አገር ከአንድ ዓመት በላይ ይኖራል፤ ሙቀቱ ሲበርድ እንደገና ያቆጠቁጣል። ብዙ ሰው ሞተ ብሎ የሚጥለው ያረፈውን ተክል ነው።

አፈሩም የውሃ ጉዳይ ነው። የኤደን አሸዋ ውሃ አይዝም፤ ከላይ የፈሰሰው ወዲያው ከታች ይወጣል። ከላሕጅ ወንዝ ዳር የመጣ ደለልና በሚገባ የበሰበሰ የፍየል ፍግ ተቀላቅሎበት ግን እርጥበት ያቆያል። የአፈሩን ፊት በደረቅ ሣር ወይም በተቆራረጠ ካርቶን መሸፈን ፀሐይ የምትወስደውን ውሃ ይቀንሳል። የብረት ጣሳ በቀን ሙቀት ሥሩን ስለሚያበስል በነጭ ቀለም መቀባት ወይም በጆንያ መጠቅለል ያስፈልጋል። ማጠጫው ሰዓት ከፈጅር ሶላት በኋላ ነው፤ በቀትር የፈሰሰ ውሃ ግማሹ ለተክሉ ሳይሆን ለአየሩ ነው።

ነጭ ዝንብና ክሽክሽ በቅጠሉ ሥር ሲታዩ፣ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ በማለዳ ከቅጠሉ ሥር መርጨት ይረዳል። ቅጠሉ ተጨማድዶ ማደግ ያቆመ ተክል ግን አብዛኛውን ጊዜ በቫይረስ የተያዘ ነውና መድኃኒት የለውም። ለሌሎቹ ሲባል ነቅሎ ማስወገድ ይገባል። ለማይድን ተክል የሚፈስ ውሃም የባከነ ውሃ ነው።

ምን እንደሚተከልም መወሰን አለበት። እናቶቻችን «የማረቆ በርበሬ ዘር ከአገር አስመጣሁ» ሲሉ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይነበባል። የማረቆ፣ የአላባና የቡሬ ስም ሲነሣ ልቡ የማይነሣ ኢትዮጵያዊ የለም። ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ኪሎ ደረቅ ዛላ ለማግኘት አራትና አምስት ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። የአንድን ቤተሰብ የዓመት በርበሬ ከስድስት ጣሳ ማግኘት አይቻልም፤ የሚሞክር ሰው ብዙ ውሃ ይጨርሳል እንጂ ዱቄት አይሞላለትም። ለወጥ የሚሆነውን በርበሬ ለእርሻው እንተወው። ለጣሪያ የሚስማማው በእሸቱ የሚበላው ቃሪያና በጥቂቱ የሚበቃው ሚጥሚጣ ነው። ከአንድ ሁለት የሚጥሚጣ ተክል ተለቅሞ የደረቀ ፍሬ ለወራት ይቆያል። የመናዊ ጎረቤትም ከሁለቱ አንዱን ለሰሓዊቁ በደስታ ይቀበላል።

አሁን ወደዚያች ጣሪያ ልመለስ። አዛውንቱ አባት በውሃው ጉዳይ ትክክል ነበሩ፤ ይህንኑ በፊታቸው መሰከርሁ። ነገር ግን ጣሳዎቹን ሁሉ ማስወረድም ፍትሕ አልመሰለኝም። ከብዙ ንግግር በኋላ በአራት ነገር ተስማማን። ከጋራው ታንከር ለተክል አንዲት ጣሳ ውሃ አይቀዳም። ጣሳዎቹ ከስምንት ወደ ስድስት ይቀንሳሉ። የጣሪያው መሐል እንዳይከብድና እንዳይርስ በግድግዳው አናት አጠገብ፣ በእንጨት ላይ፣ ከሥራቸው ሳሕን ተደርጎ ይቀመጣሉ። ከመጀመሪያው ለቀማ ደግሞ ለአራቱም አባወራ ይዳረሳል። እኅታችን በዚያው ቀን አንድ ሳፋ በመታጠቢያው አኖረች። በወሩ መጨረሻ ቃሪያው በአራት ፌስታል ተከፍሎ በየበሩ ሲደርስ፣ ስለ ታንከሩ ቀድሞ ቅሬታ ያሰማው ጎረቤት «ይኸ በየትኛው ውሃ በቀለ?» ብሎ ጠየቃት። «በውዱእ ውሃ» ብላ ስትመልስለት፣ የእሱም ቤተሰብ ውሃውን በጀሪካን ያመጣላት ጀመር።

ይህን የጻፍሁት አንዲት ጣሪያ የሁሉም ምሳሌ ትሆናለች ብዬ ሳይሆን፣ በየሰፈራችን ተመሳሳይ ክርክር ስለማውቅ ነው። ስለዚህም ለሦስት ወገኖች የምለው አለኝ። ለተከራይ ወገኖቼ፦ ከመትከላችሁ በፊት ሳፋውን አስቀምጡ፤ በሳፋው ልክም ጣሳ ቁጠሩ፤ የጋራ ውሃ አደራ ነውና አትንኩት። ለቤት ባለቤቶች፦ ውሃችሁን የማይነካና ጣሪያችሁን የማያርስ ጣሳ ለእናንተ ጉዳት የለውም፤ ከመከልከል በፊት ውሃው ከየት እንደሆነ ጠይቁ። ለመስጂድ ኮሚቴዎች፦ በየመስጂዱ በቀን አምስት ጊዜ የሚፈስሰው የውዱእ ውሃ በቀጥታ ወደ ፍሳሽ ከሚሄድ በአንድ ጉድጓድ ቢጠራቀም ለግቢው ዛፎችና ለሰፈሩ እናቶች ጣሳ ይበቃል። ሥራው ከአንድ ቱቦና ከጥቂት ሲሚንቶ የሚበልጥ አይደለም። ፍሬውም የሰፈሩ ሁሉ ነው።

መስከረም ገብቷል፤ የመዝሪያው ጊዜ ይህ ነው። ባለፈው ዐርብ በአል-በሳቲን ሳልፍ እኅታችንን በደጃፏ አገኘኋት። በእንቁላል መያዣ ካርቶን አፈር ሞልታ፣ ካለፈው ዓመት ሚጥሚጣ ያስቀረችውን ዘር በአንዳንድ ፍሬ እየጣለች ነበር። «ዘንድሮ ስንት ጣሳ ይሆን?» አልኋት። «አብሽሩ ኡስታዝ፣ ያው ስድስት ነው» አለችኝ፤ ቀጥላም በእጇ ወደ ታችኛው ፎቅ እያመለከተች «የቀረው ችግኝ የሐጃ ነው» አለች። የአዛውንቱ ባለቤት ሁለት ጣሳ አዘጋጅተው፣ ከማቀዝቀዣቸው ቱቦ ሥርም ጀሪካን አስቀምጠው አየሁ። የሰፈሩ ስም የአትክልት ሥፍራዎች ነው፤ ስሙን ለመመለስ ከእያንዳንዱ ቤት የሚፈለገው አንድ ሳፋ ነው።